ከመዝሙሩ በኋላ የቀረው ጊታር

እሑድ፣ የካቲት 3

ጋሽ ወንድሙ ዛሬም ስጠራው አልሰማኝም። በድሮው አውሮፕላን ሜዳ ዳር ዳሩን ይዞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይሄዳል። ሁለቴ ተጣራሁ። ላም የምትጠብቅ ልጅ ዞራ አየችኝ፤ እሱ አልዞረም። ደርሼ ትከሻውን ስነካው ደነገጠ። "አንተ ጋዜጠኛ፣ ወደ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚመጣው" አለኝ።

ቀኝ ጆሮው ከሄደ ቆይቷል። አሁን ግራው እየተከተለ ነው። ስናወራ አፍ አፌን ያያል።

የባህል ጽሕፈት ቤቱ ልጅ የሰጠኝን ሥራ ነገርኩት። የከተማችን የሙዚቃ ታሪክ፣ ሁለት ገጽ፣ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ እስከ ዓርብ። ልጁ ጨዋ ነው። "ጋሼ፣ ሾርት ይሁን፤ ደግሞ ኤቪደንስ ያለው ብቻ" ነው ያለኝ። ዕድሜ ልኬን በጋዜጣ ቤት የሰማሁት ትእዛዝ ስለሆነ አልከፋኝም።

ወንድሙ መንገዱን ትቶ ቆመ። የዚያን ምሽት ነገር እጽፍ እንደሆነ ጠየቀኝ። ያለ እሱ የጂንካ የሙዚቃ ታሪክ እንደሌለ ነገርኩት።

"እንግዲያው አላቆመም ብለህ ጻፍ" አለኝ።

ጊታሩን ማለቱ ነው።

የዚያን ምሽት ነገር ለራሴም በቅጡ ላስፍረው። ወንድሙ ሠራዊቱ ሲበተን ከአንድ ክፍለ ጦር ኦርኬስትራ ወጥቶ፣ ኤሌክትሪክ ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ እናቱ አገር የገባ ሰው ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጊታር የምናየው በካሴት ሽፋን ላይ ነበር። ልጆች ሰብስቦ አስተማረ፤ ኔሪ ባንድ ተባሉ፣ በወንዛችን ስም። የአሪ ሰዎች በሸምበቆ ዋሽንት ሲጫወቱ እያንዳንዱ ሰው አንዲት ድምፅ ብቻ ይይዛል፤ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ ዜማው ይሞላል። ወንድሙ ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ በስድስት ክር ላይ አዋለው። ማርታ የምትባል የኛው ሰፈር ልጅ ዘፈነችበት። በከተማው አዳራሽ የተቀመጠው ተነሣ፤ ውጭ የቀረው በመስኮት ገባ። በዘፈኑ መካከል ጀነሬተሩ ጠፋ።

ማርታ አላቆመችም። በጨለማ፣ ያለ ማይክራፎን፣ ሕዝቡ በጭብጨባ ይዟት እስከ መጨረሻው ሄደች። ከተማው እስከ ዛሬ የሚያወራው ይህን ነው። በወሬው ውስጥ ጊታር የለም። "መብራቱ ሲሄድ ወንድሙም ሄደ" ይላሉ። ቅጽል ስሙም ከዚያ ወዲህ ጀነሬተር ሆነ። ዛሬ እንኳ ከሻይ ቤቱ በረንዳ አንዱ፣ "ጀነሬተር፣ ነዳጅ አለህ?" አለው። አልሰማውም። መስማት አለመቻል አንዳንዴ ይጠቅማል።

እሱ ግን አላቆምኩም ይላል። እኔም እዚያ ነበርኩ። የሰማሁት ጭብጨባና ማርታን ብቻ ነው፤ መብራት ያጣ ኤሌክትሪክ ጊታር ቢመቱትም ከሩቅ አይሰማም። ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ መጻፍ አልችልም። ይህንኑ ብነግረው አኩርፎኝ ሄደ።

ሰኞ፣ የካቲት 4

ጠዋት ረቂቅ ጀመርኩ። ትልልቅ ቀኖች ብዬ ያሰፈርኳቸው፦

ወንድሙ በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ጊታር ታቅፎ ከጭነት መኪና የወረደበት ቀን።

ሹፌሮች በኦሞራቴ በኩል ከኬንያ ወሰን የሬጌና የሊንጋላ ካሴት ማምጣት የጀመሩበት ጊዜ። ቃሉ ለማንም አይገባም፤ ሁሉም ይዘፍነዋል።

የኔሪ ባንድ ምሽት።

ኪቦርድ የመጣበት ዓመት። አንድ ሰው ብቻውን ሠርግ መያዝ ጀመረ፤ ከበሮውም ባሱም በአንድ ጣት ሆነ። ባንዱ ያን ዓመት ተበተነ።

ስልክ። ከዚያ ወዲህ ቀን የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉ ነገር ሁልጊዜ በኪስ ነው።

ይህን ስጽፍ ብዙ ነገር መጣብኝ። ባትሪ እንዳያልቅ ካሴት በእስክሪብቶ ማጠንጠን። የደከመ ባትሪ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ማስመታት፣ ሲብስበት በጥርስ ቀርጠም ማድረግ። አንድ አዲስ ካሴት ከአርባ ምንጭ ሲመጣ ከየቤቱ ሰው ተጠርቶ አብሮ መስማት። አሁን ማንም ማንንም ለዘፈን አይጠራም። ይህ ለግድግዳ የሚሆን ነገር አይደለም፤ እዚሁ ይቅር።

ከሰዓት ሁሴን ጋ ሄድኩ። ቤቱ ያው የድሮው ሙዚቃ ቤት ነው፤ አሁን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጥበታል፣ ዘፈን በሚሞሪ ይጭንበታል። ያን ምሽት በቴፕ የቀዳው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ካሴቱን ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ ሁላችንም የት እንደገባ የምናውቅ ይመስለን ነበር። ለማርታ የሠርግ ስጦታ እንደሰጣት ነገረኝ።

ቅጂ አላስቀረህም ወይ ስለው ሳቀ። "ያን ጊዜ ያለኝ አንድ ቴፕ ነው ጋሼ። ቴፕ ከራሱ ላይ ይቀዳል እንዴ?"

የቀረውን ሁለታችንም እናውቃለን። ማርታ ወንጌላዊ አገባች፤ ጌታን ተቀበለች፤ ዘፈን ተወች። በዚያ ዘመን ብዙዎች የዘፈን ካሴታቸውን እሳት ውስጥ ከተቱት። ማርታ ግን ያደገችው ምንም በማይጣልበት ቤት ነው። በካሴቱ አናት ላይ፣ እንዳይቀዳበት ተብሎ የተሰበረውን ቀዳዳ ወረቀት ጠቅጥቃበት፣ መዝሙር ይቀዳልኝ ብላ መጣች። ወደማን? ወደ ሁሴን። እሱም የገዛ ቅጂውን በመዝሙር ደመሰሰው።

"ምን ላድርግ፣ ደንበኛ ነች" አለኝ። የስልክ ሽፋኖቹን ደረደረ፣ መልሶ ደረደረ። ከዚያ እጁ ቆመ። "ግን የመዝሙሩ ካሴት አጭሩ ነበር። የኛው ረጅሙ ነው።"

ተያየን። መዝሙሩ ካለቀ በኋላ በካሴቱ ጫፍ ላይ ትንሽ የኛ ምሽት ተርፎ ይሆናል።

ቴፑ ዛሬም ይሠራል። ከሱቁ ግን አይወጣም፣ መንገድ ያንገጫግጨዋል፣ ካሴቱ ይምጣ አለ። ማርታ ያለችው አልዱባ ነው። ነገ ደግሞ የአልዱባ ገበያ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ወንድሙ ካልሄድኩ አለ። ኩርፊያው በአንድ አዳር አለቀ። ኮት ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ሚኒባሱ ጋ ቀድሞኝ ተገኘ።

አልዱባ ደርሰን ገበያውን አቋረጥን፤ ፍየል፣ ማር፣ ቅቤ፣ ቅል። ማርታ በገበያው ጫፍ ጨውና ሳሙና የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አላት። ባሏ ወንጌላዊው ካረፈ ወዲህ የመዘምራኑ መሪ እሷ ነች። ወፍራለች፤ ድምፅዋ አልወፈረም። ወንድሙን ስታይ ከባንኮኒው ዞራ ወጥታ አቀፈችው።

እሱ ሰላምታ ሳያስቀድም፣ ደንቆሮ ሰው እንደሚናገረው ጮክ ብሎ፣ "ካሴታችን አለ ወይ፣ ዘፈናችን ያለበት?" አላት። ገበያው ሰማ። ከመዘምራኑ ሁለት ሴቶች ሳሙና ሊገዙ ቆመዋል።

ማርታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ያቺን ማርታ ትቻታለሁ ጋሼ" አለችው።

"እ?"

"ያቺን ማርታ ትቻታለሁ።"

"ጮክ በይ እንጂ።"

ሦስተኛውን ስትጮኸው ፍየል የሚጎትቱት ሁሉ ዞረው አዩን። እሱ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ "ማንን ነው የተውሽው?" አለ። አንዷ ዘማሪ ሳቋን በነጠላዋ ያዘች።

ማርታ አልሳቀችም። ፊቱን ደህና አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"መቼ ነው እንዲህ የሆነው?"

ነገርኳት። የመጣንበትንም ነገርኳት፤ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ጊታሩ ቀጥሎ እንደሆነ ማወቅ እንደምንፈልግ፣ ግራ ጆሮው ጨርሶ ሳይሄድ። እሷ አጠገቡ ነበረች። ምስክር ካለ እሷ ነች።

ለአንድ የበና ሰው ጨው ሰፍራ ሰጠች። ኋላ፣ "እኔም አልሰማሁትም" አለች። "ክንዱ ክንዴን ይነካኝ ነበር፤ ግን አልሰማሁትም። እሱ ቆሟል ብዬ ነው ብቻዬን የጮኽኩት።"

ካሴቱ አለ። መዝሙሩም አለበት። ባሏ ማታ ማታ የሚሰማው መዝሙር ነበር። ዘፈን ልስማ ብላ እንደማትከፍተው፣ እንዲሁ አሳልፋ ለመስጠትም እንደሚከብዳት ነገረችኝ። "ልጸልይበት" አለች። ስንለያይ ለወንድሙ አንድ ሳሙና በኮቱ ኪስ ከተተችለት። ለምን ሳሙና እንደሆነ አልገባኝም። ያላት እሱ ነው መሰለኝ።

ስንመለስ ወንድሙ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ፣ "ምን አለች?" አለኝ።

"ልጸልይበት አለች።"

"ጴንጤ ልጸልይበት ካለ እሺ ነው እምቢ?"

"ጋዜጣ ላይ ቢሆን ገና አልታወቀም ብዬ ነው የምጽፈው።"

"አንተ ሁልጊዜ ገና አልታወቀም ነህ" አለና በመስኮት ማየት ጀመረ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ከአልዱባ ወሬ የለም።

ወንድሙ ቤት ዋልኩ። ጊታሩን ከአልጋው ሥር አወጣልኝ። ከስድስቱ ክር አራቱ ቀርተዋል፤ ቀለሙ በክንዱ ቦታ ተልጦ እንጨቱ ይታያል። በላይኛው ቀንዱ፣ ከአንገቱ ሥር በሾለው የእንጨቱ ጫፍ ላይ፣ የጥርስ ምልክት አለ። ረስቼው ነበር። ጀነሬተሩ ከአዳራሹ ጀርባ ስለነበር ጩኸቱ ጊታር አያስቃኝም፤ ወንድሙ ታዲያ ቀንዱን ነክሶ ነበር የሚቃኘው። የባንዱ ልጆች ሊበላው ነው እያሉ ይሥቁበት ነበር። ዛሬም ነክሶ አሳየኝ። ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን ክር መታ፣ ቁልፉን ትንሽ አዞረ፣ እንደገና መታ።

"አጥንት ይሰማል" አለኝ።

ለምን ይህን ያህል እንደሚከነክነው ጠየቅሁት። ለመጠየቅ መጮህ ስላለብኝ ጥያቄው ከፈለግሁት በላይ የክስ ድምፅ ነበረው። እሱ ግን አልተቀየመም።

"ኦርኬስትራ ውስጥ መጀመሪያ የሚያስተምሩህ አንድ ነገር ነው፤ የመሪው እጅ እስኪወርድ አይቆምም። ሠራዊቱ የተበተነ ዕለት እጁን የሚያወርድ ሰው አልነበረም። መሪያችንም ሄደ፣ ሁላችንም ሄድን። እዚህ ግን መሪው እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ እጄን አላወረድኩም።"

ከዚያ ጊታሩን መልሶ በዚያው በድሮው ብርድ ልብስ ጠቀለለው። ጫፉን ያዝኩለት። የሚለውን እኔም አምነዋለሁ። ያመንኩትን ግን የሰማሁት አላደርገውም። በዚህ ሥራ ስኖር የያዝኩት ይህችኑ ናት።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

የባህል ጽሕፈት ቤቱ ልጅ ደወለ። ዲዛይኑ አልቋል፣ የሚጠበቀው ጽሑፉ ብቻ ነው። ነገ አልኩት።

ሁሴን የቴፑን ጭንቅላት በጥጥና በአልኮል ጠርጎታል። ጎማው ላልቷል፤ ከሌላ የሞተ ቴፕ አውጥቶ ቀየረው። መዝሙር ይሁን ዘፈን ባናውቅም ማሽኑ ዝግጁ ነው።

የምጽፈውን ዓረፍተ ነገር በሁለት መልክ ሞከርኩ። አንደኛው፦ "ማርታ ቀጠለች፤ ጊታሩም አላቆመም።" ሁለተኛው፦ "ማርታ ቀጠለች፤ ጊታሩ ስለመቀጠሉ ማረጋገጫ አልተገኘም።" ሁለተኛው ትክክል ነው። ደግሞ አስቀያሚ ነው። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ወንድሙ በፊቱ ሲያልፍ ታየኝ።

ማታ ላይ ሁለተኛውን ገልብጬ ተኛሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 8

ማርታ መጣች።

ገና ረፋድ ላይ ሁሴን ልጅ ሳይልክ ራሱ እየሮጠ መጣ። ሱቁ ስደርስ በስልክ ሽፋኖቹ መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ካሴቱ በሻሽ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ነው። ወንድሙን ራሷ በመንገዷ ይዛው መጥታለች።

አንድ ነገር ብቻ አለች። "መዝሙሩን ዘላችሁ ዘፈኑን ብቻ አትሰሙም። ከመጀመሪያው።"

ሁሴን ይህንኑ ሊል ነበር፤ ያረጀ ካሴት በፍጥነት ቢያጠነጥኑት ይበጠሳል። ስለዚህ በአንድ ምክንያት ሙስሊሙ፣ በሌላ ምክንያት ጴንጤዋ ተስማሙና ሁላችንም መዝሙር ለመስማት ተቀመጥን። ደንበኛ ሲመጣ ሁሴን በእጁ ይመልሳል። ወንድሙ በማርያም ስም ማኅበር የሚጠጣ ሰው ነው፤ ምን እየተባለ እንደሆነ ባይሰማም ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረ። ማርታ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንዱ መዝሙር ላይ ዓይኗን ጠረገች። ባሏ የሚወደው እሱ መሆን አለበት።

መዝሙሩ አለቀ። ካሴቱ ለጥቂት ጊዜ ሽሽሽ አለ። ከዚያ አንድ ቀጭ የሚል ድምፅ። ከዚያ ሰው፤ የሰው ብዛት።

በካሴቱ ውስጥ መብራቱ ጠፍቷል። ያ ሁሉ የኤሌክትሪክ ጊታር፣ ባሱ፣ ሕዝቡን በመስኮት ያስገባው ነገር በመዝሙሩ ሥር ቀርቷል። የተረፈን ከጨለማው ወዲህ ያለው ብቻ ነው። ከሩቅ ጭብጨባ ይሰማል፤ በጭብጨባው ላይ የማርታ የልጅነት ድምፅ። ማርታ አንገቷን ደፋች። "ቀጭን ነበርኩ" አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

እኔ የምሰማው ሌላ ነበር። ከሁሉም ሥር፣ ከሁሉም ይልቅ ቀርቦ፣ ጥፍር ሽቦ ሲነካ የመሰለ ትንሽ ነገር። አንድ፣ ሁለት፣ ይመለሳል፤ እንደ ሸምበቆዎቹ አንዱ ለአንዱ ያቀብላል። ሁሴንን አየሁት። እሱም ሰምቷል።

"ስፒከሩ ጋ ባኖረው ድምፁ ይፈነዳል ብዬ ቴፑን ከጋሽ ወንድሙ ወንበር ሥር ነበር ያኖርኩት" አለኝ በሹክሹክታ። ቴፑ በባትሪ ነበር የሚሠራው፤ ጀነሬተሩ ሲጠፋ እሱ አልጠፋም። ከእኛ ከተቀመጥነው ይልቅ፣ ከማርታም ይልቅ ለክሮቹ ቅርብ እሱ ነበር።

ወንድሙ ፊታችንን አየ። "አለ?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

"እኔ አልሰማም" አለ። ሁሴን ድምፁን ጨመረ፤ የጨመረው ጭብጨባውን ነው። ወንድሙ ራሱን በእምቢታ ወዘወዘ። ዘፈኑ እየሄደ ነው። ካሴቱ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል፤ ለማቆምና ለመመለስ ማንም አልደፈረም።

ከዚያ ወንድሙ ተነሥቶ፣ በባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ የእንጨቱን የስፒከር ሣጥን ጠርዝ ነከሰ።

መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ቢያየን ምን ይል ነበር፤ ይሄ ሽማግሌ የሱቅ ዕቃ ሲበላ። ማርታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ የማየው ግራ እጁን ነበር፤ በባንኮኒው መስታወት ላይ ጣቶቹ መሄድ ጀመሩ። ጣቶቹን እያየሁ ክሩን አዳመጥኩ። ክሩን የሚከተሉ ጣቶች አልነበሩም። ከክሩ ጋር እኩል ነበር የሚደርሱት፣ አንዳንዴም ቀድመው።

ማርታ በካሴቱ ውስጥ የመጨረሻውን ቃል ሳበችው። ሕዝቡ ጮኸ። ወንድሙ ቀኝ እጁን አነሣ፤ የመጨረሻዋ ክር እስክትጠፋ ጠበቀ፤ ከዚያ አወረደው።

 ከዚያ ወንድሙ አፉን በመዳፉ ጠረገና ወደኔ ዞረ።

"ቸኩያለሁ" አለ። "ጭብጨባው ነድቶኝ ነው። ይህንንም ጻፈው።"

ሁሴን ዘፈኑን ብቻ ቆርጦ ስልክ ላይ ሊያኖርልን ፈልጎ ነበር። ማርታ ካልቀረ ከነመዝሙሩ አለች። ከነመዝሙሩ ሆነ። ካሴቷን በሻሿ ጠቅልላ፣ ወንድሙን ግንባሩ ላይ ስማ፣ የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጣት ሄደች። ለመዘምራኑ ምን እንደምትላቸው አልጠየቅኋትም።

ጽሑፉን አስገባሁ። "ጀነሬተሩ ጠፋ። ማርታ ቀጠለች። ጊታሩም አላቆመም፤ ትንሽ ቸኩሏል።" ልጁ አነበበውና፣ ቸኩሏል የምትለዋን ብናወጣት ስፔስ እናገኛለን አለኝ። ኤቪደንስ አለው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ተወው።

ወደ ቤቴ ስመለስ ወንድሙን በአውሮፕላን ሜዳው ዳር አየሁት። በልማድ ስሙን ጠራሁ። አልሰማኝም። ፈጠን ብዬ ዞሬ በፊት ለፊቱ መጣሁ።

"ቸኩያለሁ ያልኩትን አወጡት?" አለኝ፣ አፌን እያየ።

"አላወጡትም።"

ራሱን ነቅንቆ መንገዱን ቀጠለ። እኔም አብሬው ሄድኩ።